ኢሜይሌን ከኢማክስ አላወጣም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። ከሥሩ «ይሄ አንተን ነው የሚመለከተው» ብላ ጨምራበታለች። እውነቷን ነው። ጽሑፉ ኢሜይላቸውን ቴክስት ኤዲተር በሚባል የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ውስጥ የሚያነቡና የሚጽፉ ሰዎችን ይመክራል። ምክሩ ባጭሩ «ተዉት» ነው።

ጸሐፊው ሰባት ነገር አንስተዋል። ነገሩ ያረጀ ነው። ለማዘጋጀት ጊዜ ይፈጃል። ደብዳቤ ያጠፋል። ፓስወርድ ያጋልጣል። የዛሬ ኢሜይል ሥዕልና ቀለም ስላለው በጽሑፍ ብቻ አይነበብም። ኢንተርኔት በየቦታው ስላለ ደብዳቤን ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ትርፉ ድካም ነው። አማርኛ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው አንድ ቅዳሜና እሁድ ሞክረው እንደተዉት ይናገራሉ። መሞከራቸውም ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። እኔም ነጥብ በነጥብ፣ በዚያው መንፈስ ልመልስ።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ተርጓሚ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የምውለው ኢማክስ ውስጥ ነው። ለማያውቀው አንባቢ፣ ኢማክስ የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ነው፤ ባለቤቱ እንደፈለገው እየቀጠለና እየለወጠ ሊያሳድገው ይችላል። የምተረጉመው እዚያ ነው። ማስታወሻዬም የክፍያ ሒሳቤም እዚያ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ኢሜይሌም እዚያ ገብቷል። ለእኔ ኢሜይል ማለት ጽሑፍ ነው። ሰው ይጽፍልኛል፣ እኔም እጽፋለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ እጄ የለመደውን መሣሪያ ትቼ ለደብዳቤ ሲሆን ብቻ ብራውዘር ውስጥ ያለች ጠባብ ሳጥን ውስጥ የምገባበት ምክንያት አይታየኝም።

«ያረጀ ነገር ነው»

ዕድሜውን አልክድም። የመጀመሪያው ኢማክስ በ1976 እ.ኤ.አ. ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠራ። ሪቻርድ ስቶልማን ዛሬ የምንጠቀምበትን ጂኤንዩ ኢማክስ በ1985 ሲያወጣ አርሜይል የሚባል የኢሜይል ማንበቢያ ነበረው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ግን በዚያ አይደለም። ኖትማች የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ካርል ዎርዝ ይፋ ያደረገው በ2009 ነው። እኔ ኢማክስ ውስጥ ደብዳቤ የማነብበት ሙፎርኢ ከዚያም በኋላ የመጣ የዲርክ-ያን ቢኔማ ሥራ ነው። ሁለቱም በ2004 ከወጣው ጂሜይል ያንሳሉ። ነገሩ በዕድሜ የሚለካ ከሆነ ደግሞ ሁላችንም ደብዳቤ የምንልክበት የኤስኤምቲፒ ደንብ የወጣው በ1982 ነው። ጸሐፊውም ጽሑፋቸውን ለወዳጆቻቸው የላኩት በእሱው ነው።

ጸሐፊው ጄሚ ዛዊንስኪ የሚባል ፕሮግራመር የተናገረውን የታወቀ አባባል ጠቅሰዋል፤ ማንኛውም ፕሮግራም ኢሜይል ማንበብ እስኪችል ድረስ እያደገ ይሄዳል የሚለውን። አባባሉን የጠቀሱት ኢማክስን ለመንቀፍ ነው። ነገር ግን ዛዊንስኪ ራሱ ሉሲድ ኢማክስ የሚባለው የኢማክስ ዝርያ ላይ ከሠሩት አንዱ ነው። ቢቢዲቢ የሚባለውን፣ ኢማክስ ውስጥ ከኢሜይል ጋር አብሮ የሚሠራ የአድራሻ መዝገብ መጀመሪያ የጻፈውም እሱ ነው። ስለዚህ ለዚህ ክርክር ምስክር ሆኖ ከተጠራ የሚቆመው ከእኔ በኩል ነው።

«ለማዘጋጀት ጊዜ ይፈጃል»

ይፈጃል። ይሄን ነጥብ አልከራከርበትም። የምከራከረው ጊዜው የሚሄደው በምን ላይ ነው በሚለው ነው።

ጸሐፊው «አንድ ደብዳቤ ለማንበብ አራት ፕሮግራም» ብለው ቆጥረዋል። ቆጠራው ትክክል ነው። ጥቅሙም እዚያው ውስጥ ነው። ኤምቢሲንክ ኢሜይሌ ከሚቀመጥበት የኢሜይል ድርጅቱ ኮምፒውተር፣ ማለትም ከሰርቨሩ፣ ደብዳቤ ያመጣል፣ እኔ ጋ የተለወጠውንም ወደ ሰርቨሩ ይመልሳል። ሌላ ሥራ የለውም። ያመጣውን ሜይልዲር በሚባል አቀማመጥ ያስቀምጠዋል። ሜይልዲርን ያወጣው ዳንኤል በርንስታይን ነው፤ ሐሳቡ «አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ፋይል» የሚል ነው። በየሳጥኑ ውስጥ ሦስት ፎልደሮች አሉ። አንዱ ለአዲስ፣ አንዱ ለታየ፣ አንዱ ገና በመውረድ ላይ ላለ። ሙ የተባለው ፕሮግራም እነዚህን ፋይሎች አንብቦ ማውጫ ያዘጋጃል። ማውጫው የሚሠራበት የፍለጋ ሞተር ዛፒያን ይባላል። ሙፎርኢ ማውጫውን ኢማክስ ውስጥ ያሳየኛል። ስጽፍና ስጨርስ የሚልክልኝ ደግሞ ኤምኤስኤምቲፒ ነው፤ እሱ ባይጫንም ኢማክስ የራሱ መላኪያ አለው።

አንዱ ቢበላሽ ሌላው አይነካም። እኔ መጀመሪያ ደብዳቤ የማመጣው በኦፍላይንአይማፕ ነበር። በኋላ ወደ ኤምቢሲንክ ዞርኩ። ደብዳቤውን እንደገና ማውረድ ነበረብኝ እንጂ ማንበቢያዬ፣ መላኪያዬ፣ የለመድኳቸው ቁልፎች በሙሉ እንደነበሩ ቀሩ። ሁሉን ባንድ የጠቀለለ ፕሮግራም ውስጥ ይሄ አይገኝም። ድርጅቱ መልኩን ሲቀይር አንተም አብረህ ትቀየራለህ።

የጸሐፊው ቅዳሜና እሁድ የባከነበት ምክንያት ይሄ ይመስለኛል፦ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለማቆም ሞክረዋል። ኢማክስን ከፍተው የሴቲንግ ፋይሉን ከአንድ ቦታ ኮፒ አድርገው፣ ደብዳቤ አልመጣም ሲላቸው ጥፋቱ የት እንዳለ ለማወቅ አልቻሉም። እኔ ለሰው ሳሳይ እንዲህ ነው የማደርገው።

መጀመሪያ ኢማክስን ጨርሶ አልከፍትም። ተርሚናል ብቻ፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት። ኡቡንቱ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ከሆነ ፕሮግራሞቹ ከተለመደው የፕሮግራም ማከማቻው ይገኛሉ። አንድ መሰናክል አለ፤ ኤምቢሲንክ እዚያ የተቀመጠው አይሲንክ በሚል ስም ነው፣ ሙ ደግሞ ሜይልዲር-ዩቲልስ በሚል። ብዙ ሰው «የለም» ብሎ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ለኤምቢሲንክ አንድ አካውንትና አንድ ሳጥን ብቻ እሰጠዋለሁ፦ ኢንቦክስን። የሚገናኝበት በር (ፖርት) 993 ነው። አቅጣጫውንም ወደ እኔ ብቻ አደርገዋለሁ፤ ማለትም ከሰርቨሩ ይሳብ፣ ወደ ሰርቨሩ ግን ምንም አይግፋ። ኮኔክሽኑ ደካማ ከሆነ ማታ ለቅቄው እተኛለሁ። ቢቋረጥም ግድ የለም፣ በሚቀጥለው ጊዜ የቀረውን ያመጣል።

ፋይሎቹ ሲወርዱ አንዱን እከፍትና ለሰውየው አሳየዋለሁ። ይሄ ሁልጊዜ ደስ የሚለኝ ቅጽበት ነው። ከላይ ላኪው፣ ተቀባዩ፣ ቀኑ፣ ርዕሱ። ከዚያ ባዶ መስመር። ከዚያ ደብዳቤው። ለዓመታት አንድ ሩቅ ቦታ ያለ የማይጨበጥ ነገር ይመስለው የነበረ ደብዳቤ ይኸው እጁ ላይ ያለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሆኖ ያየዋል።

ቀጥሎ ሙ። «ሙ ኢኒት» ብሎ ሳጥኑ የት እንዳለና የራሱ አድራሻ የቱ እንደሆነ መንገር፤ ከዚያ «ሙ ኢንዴክስ»። እዚያው ተርሚናል ላይ አንድ ቃል እንፈልጋለን። ከተገኘ፣ ያኔ ብቻ ኢማክስ ይከፈታል። መላክ የመጨረሻው ነው፣ በር 587። በዚህ ቅደም ተከተል አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ጂሜይል ላይ ላለ ሰው ሁለት ነገር ልጨምር፣ ጸሐፊውንም ሳያስቸግራቸው አልቀረም። ጂሜይል የላክኸውን ራሱ «የተላከ» ውስጥ ያስቀምጣል። ሙፎርኢም እንዲያስቀምጥ ከተውከው እያንዳንዱ የላክኸው ደብዳቤ ሁለት ሁለት ይሆናል። ሙፎርኢ የተላከውን እንዳያስቀምጥ የሚነገርበት አንድ መስመር አለ። ሌላው «ሁሉም ደብዳቤ» የሚለው ሳጥን ነው። እሱንም ኢንቦክስንም ካወረድክ ያው ደብዳቤ ዲስክህ ላይ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። የትኛው እንደሚወርድ ቀድሞ መወሰን ነው።

«ደብዳቤ ያጠፋል»

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። ጸሐፊው ያነሱት ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም።

በጀመርኩበት ዓመት ዲስኬ ሞልቶ ነበር። የ2009 ዓ.ም. ደብዳቤዎቼን ከላፕቶፔ ላይ ሰረዝኳቸው። «ሰርቨሩ ላይ አለ» አልኩ ለራሴ። ኤምቢሲንክን ያኔ በሁለቱም አቅጣጫ እንዲያመሳስልና የተሰረዘውን በሁለቱም በኩል እንዲያጠፋ አድርጌ ነበር ያዘጋጀሁት። እሱ የታዘዘውን አደረገ። ከደቂቃዎች በኋላ ደብዳቤዎቹ ሰርቨሩም ላይ አልነበሩም። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዚያ ዓመት ውስጥ ከአባቴ የመጡ ደብዳቤዎች ነበሩ።

ያዳነኝ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ፎልደሩን በሙሉ ገልብጬበት ነበር። ማስመለሻ ፕሮግራም አላስፈለገኝም፣ ማንንም ደውዬ አልለመንኩም። ፋይሎቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ፣ ማውጫውን አደስኩ፣ አለቀ። የአባቴ ደብዳቤዎች ተመለሱ። ያ ቀን ያስተማረኝ ደብዳቤዬ ፋይል መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ ነው። በዩኤስቢ ይገለበጣል። በማንኛውም ፕሮግራም ይከፈታል።

ስለዚህ ለጀማሪ የምለው ግልጽ ነው። መጀመሪያ ሳብ ብቻ። ማጥፋትን ዝጋው፤ ኤምቢሲንክ ራሱ ካልታዘዘ በቀር አያጠፋም፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ሁለት ሳምንት ከተጠቀምክበትና ከለመድከው በኋላ ሁለቱንም አቅጣጫ ክፈት። ከሰርቨሩ ውጪ ደግሞ አንድ ቅጂ ይኑርህ።

ጸሐፊው «አንድ ቁልፍ በስህተት ብትነካ ደብዳቤህ ሄደ» ያሉት ግን ሙፎርኢ ላይ አይሠራም። ዲ የሚለውን ቁልፍ ስትነካ ደብዳቤው ላይ ምልክት ብቻ ነው የሚያርፍበት። ኤክስ የሚለውን ነክተህ «አዎ» እስክትል ድረስ ምንም አይንቀሳቀስም። ዐሥር ደብዳቤ ላይ ምልክት አድርገህ፣ ሻይህን ጠጥተህ፣ ሐሳብህን ቀይረህ ምልክቱን ማንሳት ትችላለህ።

«ዱፕሊኬት ዩአይዲ» (የተደገመ መለያ ቁጥር) የሚል የስህተት መልእክት እየመጣ ማመሳሰሉ ይቆማል ብለውም ጽፈዋል። ይሄ የሚሆነው ሙፎርኢ ደብዳቤውን ከሳጥን ወደ ሳጥን ሲያዛውር የፋይሉን ስም እንደነበረ ስለሚተወው ነው። ኤምቢሲንክ መለያ ቁጥሩን የሚጽፈው ስሙ ላይ ነው። ሲዛወር ስሙም ይለወጥ የሚል ሴቲንግ አለ፣ አንድ መስመር ነው፣ መመሪያውም ውስጥ ተጽፏል። እሱ ከበራ ወዲህ ያን መልእክት አይቼው አላውቅም።

ስለ መንቀርፈፍም አንስተዋል። ደብዳቤ ሲመጣ ኢማክስ ይደርቃል ይላሉ። ይሄ ግኑስ የሚባለውን የቆየ ማንበቢያ በቀጥታ ከሰርቨር ጋር አገናኝቶ ለሞከረ ሰው እውነት ነው፤ ኢማክስ አንድ ነገር እየጠበቀ ሌላ መሥራት ያቅተዋል። በእኔ አዘገጃጀት ግን የሚያመጣው ሌላ ፕሮግራም ነው፣ የሚፈልገውም ሌላ። ኢማክስ ውጤቱን ብቻ ይቀበላል።

ፓስወርድና ሥዕል

እነዚህን ሁለቱን ባንድ ልለፋቸው።

ፓስወርድን በግልጽ ፋይል ውስጥ መጻፍ አደገኛ ነው የሚለው ትክክል ነው። ግን ማንም እንዲያ ይደረግ አላለም። ኢማክስ ፓስወርድ የሚያነብበት ፋይል ጂፒጂ በሚባል መመስጠሪያ ፕሮግራም የተመሰጠረ ሊሆን ይችላል። ኢማክስ ራሱ ይፈታዋል። ኤምቢሲንክም ፓስወርዱን ፋይሉ ላይ ከመጻፍ ይልቅ የሚያወጣለትን ትእዛዝ መስጠት ይቻላል። ጉግል ደግሞ ከግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዋናው ፓስወርድ እንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች እንዲገቡ አይፈቅድም። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርተህ ለዚህ ብቻ የሚሆን 16 ፊደል ያለው ፓስወርድ ታወጣለህ። ላፕቶፕህ ቢሰረቅ እሱን ብቻ ትሽራለህ። ኦአውዝ ከሚባለው፣ በብራውዘር ገብተህ ከምትፈቅድበት መንገድ በቀር የማይቀበሉ የመሥሪያ ቤት አካውንቶች አሉ፣ እነሱ ላይ መንገዱ ይረዝማል። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ጨርሶ ከከለከለ ደግሞ ደንቡ ይከበር። እኔም የአንድ ደንበኛዬን አካውንት በዚሁ ምክንያት በብራውዘር ነው የምከፍተው።

ሥዕልና ቀለም ያለው ደብዳቤን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ኢማክስ ኤችቲኤምኤልን፣ ማለትም እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ የሚጻፍበትን ቋንቋ፣ ራሱ ያነባል፣ የአብዛኛው ሰው ደብዳቤ ጥርት ብሎ ይታያል። የሱቅ ማስታወቂያና የአውሮፕላን ትኬት ግን ይበታተናል። ለእነዚያ ሁለት ቁልፍ ነክቼ ብራውዘር ውስጥ እከፍታቸዋለሁ። በቀን ሁለት ሦስት ቢሆኑ ነው። ደብዳቤው ውስጥ ያለ ከሩቅ የሚመጣ ሥዕል ሳልፈቅድ አይወርድም። ይሄን እንደ ጉድለት ጽፈውታል። እኔ ግን እፈልገዋለሁ። ብዙዎቹ የማይታዩ ትንንሽ ሥዕሎች የሚላኩት ደብዳቤውን መክፈትህንና መቼ እንደከፈትክ ለማወቅ ነው።

«ኢንተርኔት በየቦታው አለ»

ይሄን ሳነብ ጸሐፊው የሚኖሩት የት ይሆን ብዬ ጠየቅሁ። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ። ያ ወቅት ብዙ ሰው ሕይወቱን ያጣበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት ወቅት ነው። የእኔ የሥራ ጉዳይ ከዚያ ጋር ጨርሶ የሚወዳደር አይደለም። ግን ሥራ አልቆመም፣ የቤት ኪራይም አልቆመም።

በዚያ ሰሞን አንድ ደንበኛ ስልክ ደወሉልኝ። ሽማግሌ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ያን ጊዜ ስለ ውሉ የተስማማነው አንቀጽ እንዴት ነበር? ነገ ጠበቃ ፊት እቀርባለሁ፣ ኢሜይሌን መክፈት አልቻልኩም» አሉኝ። እሳቸው ኢሜይላቸው ብራውዘር ውስጥ ነበር። የእኔ ዲስኬ ላይ ነበር። ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣ ኤስ የሚለውን ቁልፍ ነካሁና የእሳቸውን ስምና «ውል» የሚለውን ቃል ጻፍኩ። ሦስት ደብዳቤ ወጣ። ሁለተኛው ነበር። «አባባ፣ ላንብብልዎት?» አልኳቸው። አነበብኩላቸው፣ እሳቸው በእጃቸው ጻፉ። ሁለቴ አስደገሙኝ።

በእነዚያ ሳምንታት መልስ መጻፌንም አልተውኩም። ሙፎርኢ ላይ መላኩን ወደ ወረፋ የሚያዞር ቁልፍ አለ። ትጽፋለህ፣ ኮንትሮልን ይዘህ ሲ የሚለውን ቁልፍ ሁለቴ ትነካለህ፣ ደብዳቤው ወረፋ ይይዛል። ኢንተርኔት የተመለሰ ዕለት ኤፍን ነካሁ። የተጠራቀመው ሁሉ ሄደ።

ይሄ ትልቁ አጋጣሚ ስለሆነ ነው እንጂ፣ ትንንሾቹ በየሳምንቱ ናቸው። መብራት ይሄዳል፣ ዋይፋዩ አብሮ ይሞታል፣ የላፕቶፑ ባትሪ ግን ሁለት ሰዓት ይሠራል። ፓኬጅ ያልቃል። መንገድ ላይ ኔትወርክ አንድ መስመር ይሆናል። የብራውዘር ኢሜይል በተከፈተ ቁጥር ከደብዳቤው በፊት የራሱን ገጽ ያወርዳል። ኤምቢሲንክ ደብዳቤውን ብቻ ያመጣል። ጥቂት መስመር ጽሑፍ ጥቂት ኪሎባይት ነው።

«አማርኛማ አይሞከርም»

ለዚህ ነጥብ ስል ነው ይሄን ሁሉ የጻፍኩት። የቀሩት ነጥቦች ላይ ጸሐፊው ቢያንስ የሞከሩትን ነው የጻፉት። ይሄን ግን አልሞከሩትም።

ኢማክስን ክፈት። ኮንትሮልን ይዘህ ኤችን ንካ፣ ለቅቀህ እንደገና ኤችን ብቻ ንካ። በብዙ ቋንቋ የተጻፈ ሰላምታ ይመጣል። ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች በአንዱ «አማርኛ» ይላል፣ አጠገቡ «ሠላም»። ይሄ ትናንት የገባ አይደለም። ኢማክስ 20 በ1997 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ፊደላችን ውስጡ ነበር። የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ ፊደላችንን የተቀበለው በ1999 ነው። አብዛኛው ፕሮግራም በፊደላችን ምትክ ባዶ ሳጥን ይደረድር በነበረበት ዘመን እዚህ ውስጥ ይጻፍበት ነበር።

ከዚያ የበለጠ የሚገርመኝ ግን ይሄ ነው። በእነዚያ ዓመታት ውጭ አገር ያለ ሐበሻ በኢሜይል የሚጻጻፈው አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፈ ነበር። ፊደሉ በመንገድ ላይ ይጠፋላ። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ለዚሁ ችግር ሴራ የሚባል ሥርዓት አወጡ፤ እያንዳንዱ ፊደል በላቲን እንዴት እንደሚጻፍ የሚወስን። ናኦቶ ታካሃሺ የሚባል ጃፓናዊ ደግሞ ይሄን ኢማክስ ውስጥ አስገባው። ካስገባቸው ትእዛዞች መካከል አንዱ ለኢሜይል ብቻ የተሠራ ነው። በላቲን የመጣልህን ደብዳቤ ርዕሱንም ሐተታውንም ወደ ፊደል ይለውጥልሃል። መልስ ስትሰጥ የሚገለብጠውም አለ። አማርኛ ደብዳቤ ለማንበብ ታስቦ ቴክስት ኤዲተር ውስጥ የገባ ትእዛዝ ነው እንግዲህ። ጸሐፊው አይሞከርም የሚሉት ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት ተሠርቶ ያለቀ ነው።

ዛሬ ዩኒኮድ ስላለ መለወጥ አያስፈልግም። መጻፊያው ግን ያው ነው። ኮንትሮልን ይዤ ወደ ኋላ ያዘነበለችውን ጭረት እነካለሁ፣ አማርኛ ይሆናል። እንደገና ስነካት እንግሊዝኛ። ኤስ «ስ» ይሰጣል። ዩ ሲከተለው «ሱ»፣ አይ ሲከተለው «ሲ»፣ ኤ ሲከተለው «ሳ»። ኮለንን ሁለቴ ስነካ አራት ነጥብ ይሆናል። ሌላ ኪቦርድ አልጫንኩም፣ ከኢማክስ ጋር የመጣ ነው። እንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲመጣልኝ ጽሑፉን ከሥሩ ከፍዬ በየአንቀጹ መሐል በአማርኛ እመልሳለሁ። አንድ ቃል ሲጠፋኝ የትርጉም ማስታወሻዬ በሌላኛው የስክሪኑ ግማሽ ላይ ነው። ማውስ አልነካሁም፣ ከቦታዬም አልተነሳሁም።

ችግሮቹንም አልደብቅም። ፊደላችን ከላቲኑ ይሰፋል። ሙፎርኢ ደብዳቤዎችን የሚዘረዝረው በአምድ በአምድ ስለሆነ አማርኛ ርዕስ ያለበት መስመር ላይ አምዱ ይንሸራተታል። እኔ የርዕሱን አምድ መጨረሻ ላይ አደረግኩት፣ ከእሱ በኋላ የሚንሸራተት ነገር የለም። ፎንቱን አቢሲኒካ አድርጌዋለሁ፣ ኢማክስ ለፊደላችን ብቻ የተለየ ፎንት መስጠት ያስችላል። ሌላው የመስመር ስብራት ነው። ኢማክስ መስመሩን በየ70 ፊደሉ እንዲሰብር ካደረግኸው ተቀባዩ በስልኩ ሲያነበው አንቀጹ ቆራጣ ቆራጣ ይሆንበታል። መስበሩን ዘጋሁት፣ ስክሪኔ ላይ ብቻ እንዲጠቀለል አደረግሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ፍለጋው ነው። ዛፒያን ቃልን የሚያየው እንደተጻፈው ነው። «ፀሐይ» ብሎ የጻፈልኝን ሰው ደብዳቤ «ጸሀይ» ብዬ ብፈልግ አላገኘውም። «ስብሰባ» ብዬ ስፈልግ «የስብሰባ» እና «በስብሰባው» ያመልጡኛል። በኮከብ ምልክት የቃሉን መጨረሻ ክፍት ማድረግ ይቻላል፣ የእኛ ቋንቋ ግን ከፊትም ይቀጥላል። እንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ችግር መኖሩም አይታወቀውም።

ነገር ግን ይሄን ማስተካከል የምችለው ኢማክስ ውስጥ ስለሆነ ነው። የምፈልገውን ቃል ወስዳ፣ ሰ ካለበት በሠም፣ ሀ ካለበት በሐና በኀም፣ አ ካለበት በዐም፣ ጸ ካለበት በፀም የተጻፈውን ሁሉ አውጥታ፣ በ«ወይም» እያገናኘች ለሙ የምትሰጥ አንዲት አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ከፊቱም የ፣ በ፣ ለ እና ከ ያለበትን ትጨምራለች። ሃያ መስመር አትሞላም። አንድ እሁድ ጠዋት ወሰደችብኝ። የብራውዘር ኢሜይል ቢሆን ኖሮ ለአንድ ድርጅት አስተያየት ጽፌ መጠበቅ ነበር የሚቀረኝ።

አሁን በእሳቱ «ሰላም» ብዬ ስፈልግ በንጉሡ «ሠላም» ብለው የጻፉልኝም ይመጣሉ። አባቴ ሁልጊዜ በንጉሡ ነበር የሚጽፈው።